የኤልውድ ጠመንጃ የማን ናት?

ዲሴምበር 9
ለተከበሩ አቶ ዴል ክሩገር
የክሩገር የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃዎች መደብር ባለቤት፣ በፌዴራል መንግሥት ፈቃድ የጦር መሣሪያ አስተላላፊ
ሚልስተን፣ ፔንስልቬንያ

ጉዳዩ፦ ለመሥሪያ ቤትዎ ጥንቃቄ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ደንበኛ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ተጋድሞ አልነሣም የሚለው ውሻዎ ሁሉም በደህና እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። የጀርባ ሕመምዎም፣ ባለፈው ማክሰኞ ከባድ ነገር ተሸክመዋልና፣ እንዳልባሰብዎት እመኛለሁ። እኔ በሚልስተን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሠላሳ አንድ ዓመት ሦስተኛ ክፍልን ያስተማርኩት ዊልማ ሆስቴትለር፣ በሁለተኛው ረድፍ በመስኮቱ በኩል ይቀመጡ የነበሩትን እርስዎን ለዚህ ማዕረግ በቅተው በማየቴ ደስታዬ ወሰን የለውም። ፈቃድዎን ከአጋዘኑ ራስ በላይ በመስታወት አድርገው መስቀልዎም ተገቢ ነው፤ አጋዘኑም ቢሆን ከሱ በታች መሆኑን አውቆ ይኖራል።

ጉዳዩን ለማያውቁ፣ ግልባጩ ለሚደርሳቸው የጋዜጣችን አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ታላቅ ወንድሜ ኤልውድ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ዕለት አባታችን አንዲት ጠመንጃ ሰጠው። በዚያው ሳምንት የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በምስማር ሰደፏ ላይ ጫረባት፤ ፊደሏን ግን ወደ ኋላ አዙሮ ጻፋት። የቆዳ ፋብሪካው በተዘጋበት ክረምት ጠመንጃዋን ሸጣት፤ ከዚያ ወዲህ ስሟን አንሥቶ አያውቅም። ባለፈው ሴፕቴምበር፣ ኤልውድ ሳንባው ከድቶት አልጋ ከያዘ በኋላ፣ ኢንተርኔት ላይ ለጨረታ የቀረቡ አሮጌ ጠመንጃዎችን ሳገላብጥ ያቺን የዞረች ፊደል ኔብራስካ ውስጥ አገኘኋት። ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳትታረም የኖረች የፊደል ስህተት አይቼ እንደዚያን ዕለት አልቅሼ አላውቅም። ገዛኋት።

ሻጩ በቀጥታ ወደ ቤቴ ሊልክልኝ አይችልምና እንደ ሕጉ ወደ እርስዎ ላካት፤ እርስዎም ቅጽ አስሞልተው፣ ስልክ ደውለው፣ ማንነቴን አስጣርተው ሊያስረክቡኝ ነበር። የኤልውድ ምኞት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። የአጋዘን አደን በሚከፈትበት ቅዳሜ ማለዳ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጠመንጃዋን፣ ባዶዋንም ቢሆን፣ ጭኑ ላይ ማሳረፍ። ሐኪሙ እስከዚያ ይደርሳል ብሎናል። ጠመንጃዋ መደብርዎ ስትደርስ ሦስት ሳምንት ነበረን።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ትጋትዎ። ቅጹ የምኖርበትን «ካውንቲ»፣ ማለት አውራጃዬን፣ ሲጠይቀኝ እኔ «ካንትሪ»፣ አገር፣ ብዬ አነበብኩና «ዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩበት። በአንዲት ፊደል የተነሣ አገሬን ካውንቲ አደረግኋት ማለት ነው። ይህንኑ ስህተት ከልጆች ደብተር ላይ ዕድሜዬን ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ኖሬያለሁ፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ልፍቀው ስል እጄን ያዙኝና፣ ስህተት እንደማይፋቅ፣ በአንድ መስመር እንደሚሰረዝ፣ አጠገቡም የስሜን ፊደላትና ቀኑን ማስፈር እንዳለብኝ አስረዱኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ከዚያ የተሰረዘበት ቅጽ ዓይንዎን ስላልሞላው ሌላ አዲስ ቅጽ ሰጡኝ። «ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ማንበብ ነው፣ ወይዘሪት ሆስቴትለር፤ እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን?» ሲሉኝ፣ ከኋላዬ ጥይት ሊገዛ የተሰለፈው ፖስተኛችን ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁላችንም ደስተኞች ነበርን።

2ኛ. ስለ ጆሮዎ። ሁለተኛውን ቅጽ በመሙላት ላይ ሳለሁ ጠመንጃዋን ከጓዳ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሯት። ሰደፏን ባየሁ ጊዜ ምላሴን መግታት አቃተኝ።

«ይቺ ናት! የኤልውድ ጠመንጃ!»

«የማን ነው ያሉኝ?»

«የኤልውድ ናት አልኩህ! ፊደሏን አታያትም?»

«ወይዘሪት ሆስቴትለር፣ ቅጹ ‹የሚገዙት ለራስዎ ነው ወይ?› ነው የሚለው። እርስዎ ደግሞ የኤልውድ ነው አሉ። ሌላ ሰው ወክሎ መግዛት በሕግ ክልክል ነው።»

«ስጦታ ነዋ፣ አንተ ልጅ! ለወንድሜ የምሰጠው ስጦታ!»

«ስጦታማ ይፈቀዳል። ግን የሱ ነው ብለዋል። ለሰው የገዛ ዕቃውን ስጦታ ብለው እንዴት ይሰጡታል?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ክቡርነትዎ ይህን ብለው ጠመንጃዋን ወደ ጓዳው ካዝና መለሷት። ሐሳብዎ አንዳች የሰዋስው ጉድለት እንደሌለበት መምህር ነኝና እመሰክራለሁ። ቀጥሎም የኔ ናት ብዬ ልፈርም ስል «ጆሮዬ አንዴ ሰምቷል፤ ያልሰማሁ መሆን አልችልም፤ ፈቃዴን ይነጥቁኛል» አሉኝ። አልፈረድኩብዎትም። ፈቃድዎ እንጀራዎ ነው።

ቤት ገብቼ ለኤልውድ ነገርኩት። በኦክስጅኑ ቱቦ መሃል እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «አይ ዊሊ! ከልጅነታችን ጀምሮ ‹የኔም ናት፣ የኔም ናት› እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ ኖረሽ፣ ለኔ የምትለቂልኝ ዛሬን መርጠሽ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። አባቴ ጠመንጃዋን ለሱ ብቻ ሲሰጥ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አኩርፌ እራት አልበላሁም። የሱ ናት የሚለው ቃል ከአፌ የወጣው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ ፊት ነው።

3ኛ. ስለ መፍትሔዎ። በማግስቱ ሁለት መንገድ አቀረቡልኝ። አንደኛው፣ ኤልውድ ራሱ መጥቶ ቅጹን እንዲሞላ ነበር። ኤልውድ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ለመድረስ ሁለቴ ቆሞ እንደሚያርፍ ስነግርዎ፣ ከመደብሩ በር ፊት ያሉት ደረጃዎች ሦስት ብቻ መሆናቸውን በትሕትና ገለጹልኝ፤ ውሻውንም ከበሩ እንደሚያስነሡት ቃል ገቡ። ሁለተኛው፣ የገዛ ዕቃን ለባለቤቱ በስጦታ መስጠት ይፈቀድ እንደሆነ ፈቃድዎን ለሰጠዎት ዋና መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መጠየቅ ነበር። በስልክ ቢጠይቁ ምን ነበረበት ብዬ አሰብኩ፤ ዳሩ ግን በስልክ የተነገረ ነገር መስታወት ውስጥ ገብቶ አይሰቀልም። ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት ፊደሉን እንዳርምልዎ ሰጡኝ። አረምኩት። አንድም ስህተት አልነበረበትም።

እስከዚያው ጠመንጃዋን ራስዎ ወደ ቤታችን ይዘዋት መጥተው፣ ለሩብ ሰዓት ዓይንዎ ሥር ኤልውድን ቢያስይዙትስ ብዬ ለመንኩዎ። ይህም ደብዳቤው ውስጥ አንድ ጥያቄ ሆኖ ተጨመረ። ኤልውድ በየቀኑ «ምን አሉ?» ይለኝ ነበር፤ እኔም በየቀኑ «እያነበቡት ነው» እለው ነበር።

4ኛ. ስለ ደወሉልኝ ስልክ። አደኑ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደወሉ። ድምፅዎ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ድምፅ ነበር። «ወይዘሪት ሆስቴትለር፣ መልሱ መጣ! ስጦታ ነው ብለዋል! መጀመሪያም መጠየቅ አልነበረብህም ነው ያሉኝ! አሁኑኑ ይምጡና ይውሰዱለት፣ ኤልውድን እንኳን ደስ ያለህ ይበሉልኝ!»

«ዴል፣ ልጄ» አልኩዎ፤ «ኤልውድ ጎህ ሲቀድ ዐረፈ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። 

ይህን ምስጋናዬን ያለ አሽሙር ይቀበሉልኝ፦ በዓመቱ ትልቅ ገበያ በሚሆንበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት መደብርዎን ዘግተው የወንድሜን ሬሳ ሣጥን በቀኝ በኩል ተሸክመዋል። ባለቤትዎ የተጋገረ ድንች የላከችበት ሳህን ታጥቦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተመልሷል።

በማግስቱ ረቡዕ መደብርዎ መጣሁ። ሦስተኛውን ቅጽ ሞላሁ፤ ካውንቲዬን ካውንቲ፣ አገሬንም አገር አድርጌ። «የሚገዙት ለራስዎ ነው ወይ?» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሁን የምሰጠው ሰው ስለሌለኝ «አዎ» ብዬ መለስኩ፤ እርስዎም አንገትዎን ደፍተው ደወሉ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ይለፍ ተባልኩ። ስልሳ ስድስት ዓመት «የኔም ናት» ያልኩላት ጠመንጃ ያለ ተካፋይ የኔ ብቻ መሆኗ በመንግሥት ቅጽ ተረጋግጦልኛል። ወስጄ መስኮቱ ሥር፣ ባዶው ወንበር ላይ አጋድሜያታለሁ።

ለፈቃድዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለጀርባዎ ምሕረትን፣ ለውሻዎም ጥቂት ትጋትን እየተመኘሁ፣

የቀድሞ መምህርዎና የወቅቱ እውነተኛ ገዢ፣
ዊልማ ሆስቴትለር

ግልባጭ፦
ለሳምንታዊ ጋዜጣችን
ለፖስታ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ የኤልውድን ወረቀቶች ስፈልግ የሦስተኛ ክፍል የውጤት መዝገቤን አገኘሁ። በስምዎ ትይዩ፣ በንባብ ሥር፣ «እጅግ በጣም ጥሩ፤ አንዲት ቃል ሳይስት ያነባል» ብዬ ጽፌያለሁ። ስህተቱ የኔ ነው፤ ያስተማርኩዎም እኔ ነኝ። አልፋቅሁትም። በአንድ መስመር ሰርዤ፣ አጠገቡ የስሜን ፊደላትና ቀኑን አስፍሬ፣ ከሥሩ እንዲህ ብዬ አርሜዋለሁ፦ «ቃላቱን ያነባል፤ ሰው ሲናገር ግን ገና አይገባውም። ክፍሉን ይድገም።»