ድንጋዩን አስገብቼዋለሁ

ውድ አባባ፤

እግርህ እንዴት ሆነልህ? አሁን ደረጃውን ሳትደገፍ እንደምትወጣ ወንድሜ ነግሮኝ ደስ ብሎኛል። ይኼን የምጽፍልህ ግን ጤናህን ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔው ስማ፤ የባሕር ድንጋዩን የዓሣ ገንዳህ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። አልጸጸትም፤ አላወጣውምም።

ወንድሜ ቤት ስትሄድ የገንዳው መስታወት ላይ ሰባት ትእዛዝ ጽፈህ ለጠፍክልኝ። አንደኛዋ በቀይ እስክሪብቶ ነበረች፤ «ከባሕር የወጣ ድንጋይ እንዳይገባ»። የቀሩትን ስድስቱን አንድ ሳላጓድል ፈጸምኩ። ጨው መዘንኩ፣ ሙቀት ለካሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ ነጩን ሰው ሠራሽ ድንጋይ እያወጣሁ በበረኪና ፈተግኩ። ዓሦቹ ግን ሞቱ። መጀመሪያ ቢጫዋ፣ ቀጥሎ ሁለቱ ባለ መስመሮች። በስልክ ስነግርህ «በደንብ አላጠብሽውም» አልከኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሞርድ የምውል ሰው እኮ ነኝ አባባ፤ መፈተግስ እኔን አይጠፋኝም።

በመጨረሻ የቀረው ያ ሻለቃ የምትለው ብርቱካናማ ዓሣህ ብቻ ነበር። እሱም ምግብ ትቶ ጥግ ይዞ ማለክለክ ጀመረ።

ውሃውን በጠርሙስ ቀድቼ ዓሣ ሻጯ ዘንድ ሄድኩ፤ ያቺ አንተ «አፈኛዋ» የምትላት። መርምራው ዓሦቹ በገዛ ቆሻሻቸው እየተመረዙ ነው አለችኝ። እንዴት እንደምናጸዳ ጠየቀችኝና ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«ስላላጠባችሁት አይደለም» አለች፤ «ቆሻሻውን የሚበላውንም አብራችሁ ስለምታጥቡት ነው።»

ከራሷ ገንዳ ሐምራዊ ድንጋይ አንስታ አሳየችኝ። ባሕር ውስጥ የኖረ ነው፤ በየቀዳዳው ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ሰፍረውበታል፣ የዓሣውን ቆሻሻ የሚጨርሱትም እነሱ ናቸው። ደግሞም አልዋሸችኝም፤ ያልተጠራ እንግዳም ተደብቆ ሊመጣ እንደሚችል ነገረችኝ።

ሳልወስድ ተመለስኩ። ሻለቃ ይሞታል ብዬ የፈራሁ እንዳይመስልህ፤ የፈራሁት አንተን ነው።

ያን ቀን እማዬን ሳስብ ዋልኩ። ይኼን ነገር አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ልታስደስትህ ብላ፣ ስንቱን ስትጠያይቅ ከርማ፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችልህ። በሦስተኛው ቀን ከድንጋዩ የወጣ ሸርጣን ሰማያዊዋን ዓሣህን ገደላት። አንተ ድንጋዩን አውጥተህ በረኪና የሞላው ባልዲ ውስጥ ከተትከው። በሩ ላይ ቆሜ አይ ነበር። ከየቀዳዳው ትናንሽ ትሎች እየተንፈራገጡ ወጡ። እማዬ ቀስ ብላ «ሸርጣኑን ብቻ ማውጣት አይቻልም ነበር?» አለችህ።

«የማያውቁትን ነገር ሰው ቤት ማስገባት ትርፉ ይኼው ነው» አልካት።

ሰው ቤት። ቤቷ እኮ ነበር አባባ። ያን ዕለት ማታ መኝታ ቤት ገብታ በዝግ በር ስታናግርህ ድምጿን ሰማሁ፤ የምትለውን ግን አልለየሁትም። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ሳሎኑን ስትጠርግ እንኳ ገንዳውን ዞራ ታልፍ ነበር። አንተም አይተሃል፣ እኔም አይቻለሁ፤ ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ቀረን።

በማግስቱ ሄጄ ድንጋዩን አመጣሁት። ወንድሜ ሰምቶ ደወለ። አባባ ከሰማ ያመዋልና ተዪው ብሎ ለመነኝ። «ይመመዋ» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ፤ ግን አልመለስኩትም።

ዝም ብዬ እንዳልዘፈቅኩት ደግሞ እወቅልኝ። ተደብቆ የመጣ ካለ እንዲወጣ ብዬ አምስት ሳምንት ሙሉ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ የጨው ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ አቆየሁት። ለሻለቃ በየቀኑ ውሃ እየቀየርኩ ነፍሱን አቆየሁለት። ድንጋዩ ላይ የሞተው ነገር ሲበሰብስ ቤቱ ከመሽተቱ የተነሣ ጎረቤታችን ምን ሞተባችሁ ብላ በር አንኳኳች። በሦስተኛው ሳምንት ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሸርጣን። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ ጥቁር። ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ሲያፈጥብኝ እጄ በቀጥታ ወደ በረኪናው ሄደ። ምን ላድርግ፣ ያንተ ልጅ ነኝ። ክዳኑን ከፍቼ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው የእማዬ ጥያቄ ትዝ አለኝ። መልሼ ከደንኩት።

ለማባበያ ቁራጭ ሽሪምፕ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሬ ባልዲው ውስጥ አጋድሜ አስቀመጥኩለት። ጠዋት ስመጣ ሽሪምፑን ጨርሶ፣ በሚያንሸራትተው የብርጭቆው ግድግዳ መውጫ አጥቶ ይንቧቸራል። አፈኛዋ ለብቻው ገንዳ ሰጠችው። ስለዚህ አዎ አባባ፣ ሸርጣኑን ብቻ ማውጣት ይቻል ነበር። እማዬ የጠየቀችህ ይኼንኑ ነበር።

ድንጋዩ ከገባ ሁለት ወር ሆነው። ውሃውን በለካሁ ቁጥር ንጹሕ ነው። ሻለቃ ይበላል፤ አልፎ ተርፎ ማንም ወደ ድንጋዩ ሲጠጋ እየተወረወረ ያባርራል። ባለፈው ሳምንት ከአንዱ ቀዳዳ ማራገቢያ የመሰለች ትል ክንፏን ዘርግታ ወጣች። ሥራ የረፈደብኝ እሷን ሳይ ቆሜ ነው።

ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ሊያመጣህ ነው አሉ። ና። ተቆጣ፣ የፈለግከውን ያህል ተናገር፣ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ። እጅህ ግን ገንዳው ውስጥ አይገባም። ስትጨርስ ተራው የእኔ ነው፤ እማዬ ድንጋዩን በረኪና ውስጥ የከተትክ ዕለት ማታ መኝታ ቤት ገብታ ምን እንዳለችህ ትነግረኛለህ። ሳትነግረኝ አልለቅህም።

እምቢ ያለችህ፣ የምትወድህ
ልጅህ