በዳንቴል ታፍኖ፣ በቫይረስ ተከሶ ስለጠፋው የናርዶስ ሥራ

ለክቡር አቶ ይሄነው
የቀርከሃ ሰፈር የወጣቶች ኮምፒውተር ማዕከል ኃላፊ
ቆሰበር

ክቡር ሆይ፣ የቆሰበር ብርድ ሳይነካዎ፣ ወንበርዎም እንደሞቀ፣ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ አምናለሁ። እኔ ድንች ነጋዴዋ ማሪቱ አዝመራው ነኝ። የዋልኩበትን በደብተር መጻፍ ልማዴ ስለሆነ፣ ውለታዎ ተረስቶ እንዳይቀር ከዚያው ገልብጬ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድሁ።

ልጄ ናርዶስ ፕሮግራም የምትጽፍበትን ዴስክቶፕ ዕቃውን አንድ በአንድ መርጣ፣ በእጇ ገጣጥማ፣ አራት ጓደኞቿም ይማሩበት ብላ ወደ ማዕከልዎ ያመጣችው በመስከረም ነበር። የዳንግላ ድንች አምራቾች የገበሬውን ምርት የሚመዘግቡበትን ፕሮግራም አምስት ወር ሙሉ ጻፈችበት። የካቲት 19 ቀን ለማኅበራቸው አሳይታ ሥራ ልትይዝ ቀጠሮ ነበራት።

አንደኛ፣ ማሽኑን ስላለበሱልን አመሰግናለሁ። ጥር 28 ቀን አቧራ እንዳይነካው ብለው፣ እየሠራ ሳለ የባለቤትዎን ዳንቴል ደረቡበት። ሙቀቱ የሚወጣው በላይ በኩል ነውና ጋለ፤ በራሱም ጠፋ። ናርዶስ ዳንቴሉን ባነሳች ቁጥር እርስዎ መልሰው አለበሱት። በእኛ በአዊ፣ ሮጦ የገባ ፈረስ አፍንጫው እንደማይታፈን ሕፃን ያውቃል፤ እርስዎ ግን ከዚያ በላይ የተማሩ ነዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ንቃትዎ። የካቲት 12 ቀን እንግዶች ለጉብኝት ሊመጡ ሲሉ፣ በጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ሲወርድ አይተው «ይሄ ቫይረስ ነው፤ እንግዳ ፊት ልታዋርጂን ነው?» አሏት። እሷም «ጋሼ፣ ሥራዬ ነው፤ ሊኑክስ የሚባለው የምሠራበት ሲስተም መልኩ እንዲህ ነው፤ እባክዎ አይንኩት» ብላ ለመነችዎ። ምሳ ስትወጣ የፎቶ ቤቱን በዛብህን አስጠርተው፣ ያለውን ሁሉ አስጠፍተው ዊንዶውስ አስጫኑበት። ተመልሳ ስታለቅስ ደግሞ «ምን ያስለቅስሻል? ይኸው አዲስ አደረግንልሽ!» ብለው አጽናኗት። ይህን ቃልዎን ከነፈገግታው መዝግቤዋለሁ።

ሦስተኛ። ልጅቱ ቅጂ አልያዘችም እንዳይሉ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ሥራዋን የምትገለብጥበት ሌላ ዲስክ ነበራት፤ እርስዎ «የማዕከሉ ንብረት ከግቢ አይወጣም» ስላሉ፣ ገልብጣ ስትጨርስ ከመሳቢያዎ ይቆለፍ ነበር። የካቲት 15 ቀን መሳቢያው ሲከፈት ዲስኩ በሰላም ተገኘ። በውስጡ የነበረው ተደምስሶ የጉብኝቱ ፎቶ ተጭኖበታል። ሠላሳ አንዱንም አየኋቸው፤ በሃያ ስድስቱ እርስዎ አሉ፤ ናርዶስ በአንዱም የለችም።

በቀጠሮዋ ቀን ባዶ እጇን ዳንግላ ሄደች።

ካሳ አልጠይቅም፤ ያጠፉትን መመለስ እንደማይችሉ ከእውቀትዎ ልክ ተረድቻለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በማዕከሉ በር ላይ «ኃላፊው ቢሮ ገብተዋል፤ ሥራ ያላችሁ ሥራችሁን ይዛችሁ ውጡ» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍልን።

እጅዎ ከሰው ልፋት እንዲርቅ፣ ዕድሜዎም በሹመት እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ማሪቱ አዝመራው
ድንች ነጋዴ፣ ቆሰበር

ሳልነግርዎ እንዳልቀር፦ የማኅበሩ ሰዎች የሆነውን ሰምተው፣ ናርዶስ ከባዶ እንድትጀምር ዳንግላ አንድ ክፍል ሰጥተዋታል፤ አራቱ ሠልጣኞችዎም ተከትለዋት ሄደዋል። ለሚቀጥለው ጉብኝት የሚታይ ወጣት ካጡ ቀደም ብለው ያሳውቁኝ፤ ድንች የሚጭኑልኝን እልክልዎታለሁ። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት የእርስዎን ያህል ነው፤ የሚለዩት «አትንኩ» ሲባሉ ባለመንካታቸው ብቻ ነው።