እመ አይጥና ያልተከተቡት

ሰፈሩ ሁሉ «እመ አይጥ» እያለ የሚጠራቸው አክስታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጅ ነርሷ እናታቸው በ1955 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ቅጽል ስሙን ያወጣው ሰው ዛሬ ሊሰናበታቸው መጥቶ ከመካከላችን ተቀምጧል። ሊያሾፍባቸው ነበር ያወጣው፤ እሳቸው ግን ወደዱትና ከንቱ አስቀሩት።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ሰፈር ተከታተሉ። ከክፍላቸው አንደኛ ይወጡ ነበር ብዬ ብጽፍ ባማረልኝ፤ አልወጡም። መምህራን የነገሯቸውን መልሰው በመጻፍ ፈንታ «ይህን በምን አወቃችሁት?» እያሉ ሲጠይቁ ደወል ይደወልባቸው ነበር። ይኸው ጠባያቸው ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ዋጋ አገኘ፤ ሰውነት በሽታን በሚከላከልበት መንገድ ላይ አጥንተው በዶክትሬት ዲግሪ ተመረቁ።

በ1986 ዓ.ም. በሚሠሩበት የምርምር ተቋም ማጠቢያ ሊጠግኑ የመጡትን ቧንቧ ሠራተኛ አገቡ። የተበላሸው ማጠቢያ አንድ ነበር፤ ባለቤታቸው ግን ወሩን ሙሉ ተመላለሱ። ልጅ አልወለዱም። በዚህ ያሟቸው የነበሩ ጎረቤቶች ዛሬ ፊት ወንበር ላይ ሆነው ያለቅሳሉ፤ እሰየው። ታላቅ ወንድሜንና እኔን፣ የታናሽ እህታቸውን ልጆች፣ ግን እንደ እናት አሳድገውናል። ትምህርት ቤት ሰልችቶኝ ስወጣም የመጽሐፍ መደርደሪያቸውን ከፍተው «በይ እዚህ ተማሪ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ወንድሜ በሕፃንነቱ የስኳር ሕመም ሲይዘው፣ አክስታችን የጀመሩትን ጥናት ትተው ወደዚህ ሕመም ዞሩ። ይህ ዓይነቱ ስኳር ከረሜላ በማብዛት የሚመጣ አይደለም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስረዱ ኖረዋልና ዛሬም ይነገርላቸው። ሰውነትን የሚጠብቁት ሕዋሳት ተሳስተው፣ ኢንሱሊን የሚያመርተውን የቆሽት ክፍል እንደ ጠላት ያጠፉታል። የአክስታችን ሥራ ከአይጥ እነዚህን ጠባቂ ሕዋሳት ወስዶ፣ በቤተ ሙከራ አሠልጥኖ፣ ሕመሙ ሳይጀምር መልሶ መክተብ ነበር። የሠለጠኑት ሕዋሳት ገብተው ሌሎቹን «ይህ የቤት ሰው ነው፤ አትንኩት» ይላሉ። ለእኔ ያስረዱኝ እንዲህ ብለው ነው።

ለሙከራው የሚዋለዱት አይጦች ሕመሙ በዘራቸው ያለ ነው። ከፊሎቹ ይከተባሉ፣ ከፊሎቹ ለማነጻጸሪያ ይተዋሉ። በ1999 ዓ.ም. የተከተቡት ጤነኛ ሆነው ከረሙ። ተቋሙ ኬክ ቆረሰ፤ ኃላፊው ጋዜጠኞች ሊጠሩ ስልክ አነሱ። አክስታችን ኬኩን ትተው ወደ አይጦቹ ክፍል ወረዱና «እነሱማ ይታመማሉ» ተብለው የተተዉትን፣ ያልተከተቡትን አዩ። የመታመሚያቸው ጊዜ አልፎ እነሱም ጤነኞች ነበሩ። ሳይታወቅ ክፍሉ ውስጥ የአንጀት ትል ገብቶ ኖሯል፤ ትል ደግሞ ጠባቂዎቹን ሕዋሳት በሌላ ሥራ ይጠምድና ሕመሙን ያስቀራል። ስለዚህ ክትባቱ ይሥራ አይሥራ አልታወቀም። ይህንኑ ወጥተው ለኬክ በላተኞቹ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ለልደት እንኳ የሚጠራቸው ጠፋ።

በዚያው ሰሞን እኔ ተመረመርኩና ሕመሙ ከመግባቱ በፊት የሚታየው ምልክት ደሜ ውስጥ ተገኘ። ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ የኬኩን ወሬ ሰምታለች። እህቷ ቤት ሄዳ ለመነች፣ አለቀሰች፣ በመጨረሻም እንዲህ አለቻቸው፦

«ለአይጥ የሰጠሽውን ለልጄ ትነፍጊያለሽ?»

«ለአይጥ መሥራቱን ያላየሁትን ልጄ ላይ አልሞክርም» አሉ።

እናቴን ከእምቢታው ይልቅ ያንገበገባት «ልጄ» ማለታቸው ነበር።

በዓመቱ ታመምኩ። እናቴ በሯን በእህቷ ላይ ዘጋች። አክስታችን በመስኮት መጡ። ብርቱካን እያቀበሉ፣ ብርቱካኑን እያስወጉ፣ መርፌ አያያዝ ያስተማሩኝ እዚያ መስኮት ሥር ቆመው ነው። እናቴ ታያቸው ነበር፤ መስኮቱን ግን አልዘጋችም።

የአይጦቹ ክፍል ታጥቦ፣ አዲስ አይጦች ተራብተው፣ ሙከራው እንደገና ተጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ያልተከተቡት ታመሙ፤ ከተከተቡት አብዛኞቹ ጤነኛ ሆኑ። ሠራ። ሌላ ሰው ቢሆን «ልጄ በዳነች ነበር» የሚያሰኝ ውጤት ይዞ በእናቴ ደጅ አያልፍም። አክስታችን ግን ለኃላፊው እንኳ ሳይነግሩ በቀጥታ መጥተው በሩን አንኳኩ።

«ሠርቷል» አሏት። «ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው።»

እናቴ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ግቢ፤ ብርድ ነው» አለች።

ልክ ነበርሽ ብላቸው አታውቅም፤ እሳቸውም ጠይቀዋት አያውቁም። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ሳልጠየቅ ልናገር። ያን ጊዜ ቢከትቡኝ ልድን እችል ነበር፣ ሊብስብኝም ይችል ነበር፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። አክስቴ በምትወደው ሕፃን ፊት ቆማ «አላውቅም» ማለት የቻለች ሰው ናት። አንቱታውን የተውኩት ለዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ይፍቀዱልኝ።

ክትባቱ ዛሬም ለሰው አልደረሰም፤ ተማሪዎቻቸው ይዘውታል። አክስታችን ግን በየጥናት ጽሑፋቸው መጨረሻ ከሁሉ አስቀድመው ያልተከተቡትን አይጦች ያመሰግኑ ነበር። እኔም ቤታቸው ስገባ «አክስቴ፣ ያልተከተበችው መጣሁ» እላቸው ነበር። ስቀው ሲያበቁ «እናንተ ባትኖሩ ማን ያምነን ነበር?» ይሉኝ ነበር።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሆስፒታልና በቤት ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ እናቴ ፀጉራቸውን አጥባ እያበጠረችላቸው ሳለ፣ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ አንዲት እህታቸውን፣ ያሳደጉትን ወንድሜንና ያልተከተበችውን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በብርሃን ያሳርፍልን። በዚያም ቢሆን ሰው ሁሉ ወደ ድግሱ ሲሄድ፣ እሳቸው ዞር ብሎ የሚያያቸው ያጡትን ሊያዩ እንደሚወርዱ እናውቃለን።