ጭልፊትና የሊያው ርግቦች

ሚንሁዌ ጓደኛዬ፣

ወደብ ከተማዋ ጂሎንግ ከገባሁ ሃያ ሁለት ቀኔ፤ ዝናቡም አላባራም። እናንተ እዚያ ታይናን በፀሐይ ስትጠበሱ የእኔ ካልሲ ደርቆ አያውቅም። ወደቡ ዳር ያለው ሕንጻ አናት ላይ ጎጆ የሠሩትን ሁለት ጭልፊቶች ለወፍ ማኅበራችን ስመዘግብ፣ ሽቅብ ከማንጋጠጥ ብዛት አንገቴ ደንዝዟል።

በየቀኑ አጠገቤ የሚቀመጡት አባባ ሊያው የውድድር ርግብ ያረባሉ። ጭልፊቶቹ ከበሏቸው ርግቦች ተርፎ ከጎጆው ሥር የሚወድቀውን የእግር ቀለበት እየለቀሙ የርግቧን መለያ ቁጥር ያነባሉ። አሥራ አንዱ የራሳቸው ነው። «ይቺ ባሕር ላይ ከመርከብ ተለቃ አንደኛ የገባችው ናት» ይሉኛል፣ የሞተ ዘመድ እንደሚያስተዋውቅ ሰው። አንድ ቀን ጭልፊቶቹን ይመርዟቸዋል ብዬ ስሰጋ ከረምኩ።

ትናንት የጭልፊቶቹ ጫጩት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትበር ነፋስ መታትና ከጣሪያዎቹ ጀርባ ጠፋች። ከሰዓት በኋላ አባባ ሊያው ጫጩቷን በርግብ ቅርጫት ታቅፈው መጡ። የወደቀችው የእሳቸው ርግብ ቤት ላይ ኖሯል። እጃቸውን ቧጭራዋለች።

«አባባ፣ ዝም ብለው ቢተዋትስ ማን ይወቅስዎ ነበር?» አልኳቸው።

«አሥራ አንድ ርግቤን በልታ ያደገችውን፣ እኔ ካላሳደግኳት ማን አሳደጋት? በይ ተነሺና ወደ ጎጆዋ መልሻት፤ ስድስት ፎቅ ነው፣ የእኔ ጉልበት እምቢ ብሏል።»

ታቅፌያት ወጣሁ፤ ዛሬ እግሬን አላዘውም።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ለአባትሽም ሰላም በይልኝ፤ ይህን ግን እንዳታሳዪያቸው። ያቺ ለውድድር ተለቃ የጠፋችባቸው ርግብ ትመጣለች ብለው አሁንም የርግብ ቤቱን በር ክፍት እንደሚተዉት አውቃለሁ።

ዪሮንግ