በልኬ ያልተሠራ ኪኒን

ሐሙስ፣ የካቲት 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? በስልክ ድምፅሽ ተዘግቶ ነበር፤ ታመሽ «ደህና ነኝ» ማለት ደግሞ የልጅነት ልማድሽ ነው። ወንድምሽ ከጎኔ ሆኖ ስላቋረጠኝ ነገሬን ከዳር ሳላደርስ ቀረሁ። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ። ድካም አለብኝና እያረፍሁ ነው የምጽፈው፤ መስመሬ ወደ ታች ቢንጋደድ እንደ ስንፍና አትቁጠሪብኝ።

የላክሽው ኪኒን ደርሶኛል። አልዋጥሁትም። ቶሎ አትቆጪ፤ እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ሳጥኑ የመጣ ዕለት ወንድምሽ አንዱን ፍሬ ፈልቅቆ፣ ብርጭቆ ውኃ ይዞ ከአልጋዬ አጠገብ ቆመ።

«እማዬ፣ በቃ ዋጪውና እንገላገል።»

«ለእኔ የታዘዘ ነው?»

«እህቴ ጋ የምትሠራው ሴትዮ በዚሁ ኪኒን ድና የለም እንዴ? ሜላኖማ ሜላኖማ ነው!»

«እስቲ ጫማ ጫማ ነው ብለህ የእህትህን ባለ ተረከዝ አድርገህ ሥራ ግባ።»

ሳቀ፤ ብርጭቆውን ግን አላስቀመጠም። ሲፈራ እንደሚቸኩል ታውቂ የለ። እኔም ጀግና ነበርሁ አልልሽም፤ ኪኒኑን ተቀብዬ መዳፌ ላይ ብዙ አየሁት። ከዚያ በመሐረብ ጠቀለልሁትና ከነሳጥኑ ወደ ሆስፒታል ይዤው ሄድሁ።

ሐኪሟ በዕድሜ ከአንቺ ታንሳለች። ሳጥኑን ስታይ ተነሥታ በሩን ዘጋች።

«ከዚህ ወስደዋል?»

«አልወሰድሁም።»

«እሰይ! እሰይ እማማ! አይዞዎት፣ እኛ…»

«አይዞዎቱ ይቆየንና ምክንያቱን ንገሪኝ» አልኋት።

ወንበሯን ሳብ አድርጋ ነገረችኝ። ሜላኖማ የሚሉት የቆዳ ካንሰር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ አንድ አይደለም። በባልደረባሽ ጀርባ ላይ የወጣው ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ የሚመጣው ዓይነት ነው። ያ ዓይነት ካለባቸው ሰዎች ግማሽ በሚሆኑት ላይ አንድ የታወቀ ጂን ይበላሽና ሴሉን «ተባዛ፣ ተባዛ» ሲለው ይውላል። ኪኒኑ የተሠራው ያንን አንድ ብልሽት ዝም ለማሰኘት ነው። የእኔ ግን ፀሐይ አይቶት በማያውቅ ተረከዝ ላይ የወጣ ነው። ከተረከዜ የተቆረጠው ሥጋ ተመርምሮ ያ ብልሽት አልተገኘበትም። ብልሽቱ በሌለበት ኪኒኑ ቢዋጥ ደግሞ ዕጢውን ጭራሽ ሊያፋጥነው ይችላል። ይኸውልሽ፣ ወንድምሽ በብርጭቆ ውኃ ሊሰጠኝ የነበረው ይህንን ነው። አልነገርሁትም፤ አንቺም እንዳትነግሪው።

ደግሞም አለች፣ በፀሐዩ ዓይነት ጂኖቹ ላይ እልፍ ጥቃቅን ጉዳት አለ። በእኔ ዓይነት ጉዳቱ በቁጥር ያንሳል፤ ግን ትልልቅ ነው፤ ተሰብሮ ያለ ቦታው የተገጣጠመ፣ ሳያስፈልግ የተደጋገመ።

«ገብቶኝ እንደሆነ ልንገርሽ» አልኋት። «የዚያችኛዋ ሺህ ቦታ በወስፌ የተወጋ ቆዳ ነው። የእኔ ተቀዳዶ፣ ቁራጩ ያለ ቦታው ተደራርቦ የተሰፋ።»

«ምሳሌውን ከየት አመጡት?»

«ባሌ ጫማ ሰፊ ነበር።»

አሁን ስለ አባትሽ። ወንድምሽ «የአባባ የጫማ ቀለም ነው ያመጣባት» እያለ ያወራል። ጠየቅሁ፤ እንዲህ የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ቀለሙ አላመጣውም፤ ሸፈነብኝ እንጂ። እኛ ቤት እግሩ ያልጠቆረ ማን ነበር? አባትሽ ቆዳውን ራሱ ስለሚነክረው በላብ ጊዜ ይለቅ ነበር፤ አንቺም ሰው ቤት ጫማ ማውለቅ ታፍሪ ነበር። ተረከዜ ላይ ጥቁር ነጥብ ስትወጣ ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ አባትሽ የሠራልኝ የመጨረሻው ጫማ ቀለም ናት ብዬ በድንጋይ ፈገፈግኋት። አልለቅ ስትል ተውኋት። እሱ ከሞተ በኋላ ከእጁ ሥራ አንዲት ነጥብ እግሬ ላይ መቅረቷ አላስከፋኝም ነበር።

ከእኔ ወርሰሽው እንደሆነም ጠየቅሁልሽ። በእኔ ጂኖች ላይ ያገኙት ጉዳት በዚያው ተረከዝ ላይ በኋላ የተፈጠረ ነው፤ አብሮኝ አልተወለደም፤ ለእናንተም አላወረስሁትም። ቢሆንም ውስጥ እግርሽን እያገላበጥሽ እዪ፤ ጥፍርሽንም ቀለም ከመቀባትሽ በፊት።

ሰኞ ተረከዜ ላይ ያለውን ቆርጠው ያወጡልኛል። ብሽሽቴ ላይ ያለውን እብጠትም አብረው ያዩታል። ስለ እሱ ሐኪሟ ብዙ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለ፤ በእኔ ዓይነት ላይ በፀሐዩ ዓይነት ላይ የሚሠራውን ያህል ባይሠራም እንሞክረዋለን ብላለች። ደክሞኛል እንጂ አልፈራሁም።

ሥራሽን ጥለሽ ነዪ አልልሽም። ግን ይህን ኪኒን ምን እናድርገው? ያቺ ደግ ሴት ከራሷ ቀንሳ ነው የሰጠችሽ፤ እንዴት ተቀበልሻት? ለእኔ የማይሆነው ለእሷ እስትንፋሷ ነው። ፖስታ ቤት አልቀበልም ብሎኛል፤ ለማላውቀው መንገደኛ ደግሞ የሰው አደራ አልሰጥም። ስለዚህ ራስሽ መጥተሽ ውሰጂላት። በአባትሽ መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ፣ ወስፌዎቹ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፤ የተፈለቀቀውም ፍሬ በመሐረቡ እንደተጠቀለለ አለ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀን ገና ሩቅ ነው። አንቺ ግን እሱን ቀን አትጠብቂ።

የምትረግጪው ሁሉ ደልዳላ ይሁንልሽ፣ ልጄ።

እናትሽ