ጀሶ የበላው የወንድምሽ ጽሑፍ

ለውድ ልጄ፣ ለቤቴ በኩር፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ያ አላስቀምጥ ያለሽ ወገብሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽስ ከሌሊት ፈረቃው ተገላገለ? የልጅ ልጄስ ጥርስ አበቀለች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? እኛ በአካል ደህና ነን። የኔ ነገር እንደምታውቂው ነው፤ ጉልበቴ እያጉረመረመ፣ አፌ ደግሞ ከጉልበቴ ብሶ፣ ሱቄ ውስጥ ቁልፍ እየቀረጽኩ አለሁ። ደብዳቤ የምጽፍልሽ በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ስለዘጋሁት ነው። ባለፈው እሑድ መስመሩ ተበላሸ ያልኩሽ ውሸቴን ነበር።

ወንድምሽ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። የትምህርት ቤታቸውን የክረምት ሱባኤ ታውቂዋለሽ፤ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ ተሰብስበው ጠዋት ይጸልያሉ፣ ከዚያ የደከመ ሰው ቤት ሄደው ያጥባሉ፣ ይጠግናሉ። ዘንድሮ የክፍል ጓደኞቹ ተመካክረው የጭራሮን ቤት እኛ እንቀባለን ብለው መጡ። ለወንድምሽ በቅጥነቱ ያወጡለትን ስም እስካሁን አልተዉትም። እናትሽ ደስ ብሏት ቁልፉን ሰጠቻቸውና ለምሳቸው የሚሆን ልትገዛ ወጣች፤ እኔም ወደ ሱቄ ሄድኩ። ምን ነካን! አንዳችን እንኳ ቤት ብንቀር ኖሮ።

ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ የነበረውን ትዝ ይልሻል? በሚስማር ፍቆ «የአባ ስብከት አልጋ ያስንቃል» ብሎ የጻፈውን፣ ከሥሩም ርእሰ መምህሩን አባን ከነቦርጫቸው ሲያንኮራፉ የሳለውን? እናትሽ ፊደል ስላልቆጠረች ምንድን ነው ብላ ብትጠይቀው ጸሎት ነው ብሎ ሸወዳት፤ እኔና አንቺ ሳቃችንን ለመዋጥ ወደ ጓሮ ሮጥን። እሱ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መዳፏን እዚያ ላይ አሳርፋ ትቆም ነበር። እኔም ጸሎት መስሏት ነው ብዬ እውነቱን አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

በሱባኤው ደንብ ልጆቹ እስከ ቀትር ጸሎት ድረስ አይነጋገሩም፤ ሥራውም በዝምታ ነው። ክፍል ውስጥ አጠገቡ ትቀመጥ የነበረችው ባለመነጽሯ ልጅ ጽሑፉን ስታይ ክው አለች። ማንን ትጠይቅ? ጓደኛዬ በሞተ በስንት ጊዜው በአባ ስድብ ስሙ አይነሳ ብላ፣ ጭረቱን አንድ በአንድ በጀሶ ደፍና፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ፣ ነጭ ቀለም ደረበችበት። ኋላ ከሱቅ ስመለስ ለብቻዬ ጠርታኝ፣ አይዞዎት አባባ፣ ማንም አላየውም አለችኝ። እንዲህ ያለችን ልጅ ምን ይሏታል? አመሰገንኳት።

እናትሽ ስትመለስ ቤቱ ወተት መስሏል። ልጆቹ ቀለም በቀለም ሆነው ተደርድረው ዓይን ዓይኗን ያያሉ። አንዴ ወደ ራስጌው አየች። ከዚያ ተራ በተራ ግንባራቸውን እየሳመች፣ እጃችሁ ይባረክ ልጆቼ አለቻቸው። አብልታ አጠጥታ ሸኘቻቸው። በሩ እንደተዘጋ ግድግዳውን በመዳፏ ትዳስስ ጀመር፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ምንም የለም፤ ልስልስ ብሏል። አልጋው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ለቀናት ቃል አልወጣትም። የሰው በር ስከፍት የምውል ሰውዬ የሚስቴን አፍ መክፈት አቃተኝ። በሞረድ ልፍቀው ብል ልስኑ ጀሶውን ይዞ እየተገመሰ ወደቀ። ያኔ ብቻ፣ ተው፣ ልጆቹ የደከሙበት ነው ብላ ሞረዱን ከእጄ ቀማችኝ።

ትናንት ቁርስ ላይ ድንገት፣ ለመሆኑ ምን ነበር የሚለው አለችኝ። ትንሽ አሰብኩና፣ ጌታ ሆይ እናቴን ጠብቅልኝ ነው የሚለው አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ልጄ፣ ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ሳቋን ሳትጨርስ እንባዋ ቀደማት። አንተ ሽማግሌ፣ በዚህ ዕድሜህ ትዋሻለህ አለችኝ። ለካ ወንድምሽ ያኑ ዕለት ውሸቱ ቆርቁሮት ራሱ አንብቦላት ኖሯል! ሆዳቸውን እስኪያማቸው ስቀው፣ ለአባዬ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሏታል። እኔ ምስኪን ተሸውዳ ትጸልያለች እያልኩ ሳዝንላት፣ እሷ በየጠዋቱ ከልጇ ጋር ልትስቅ ነበር እዚያ የምትቆመው። ጸሎትማ ቤተ ክርስቲያን ሞልቶልኛል አለችኝ፤ እኔን የናፈቀኝ የልጄ ባለጌነት ነው።

እኔም አለቀስኩ፤ አልደብቅሽም። ልጆቹ ነገ ሱባኤያቸውን ጨርሰው ሊሰናበቱን ይመጣሉ። በጎ ሠራን ብለው ይሂዱ፣ አንዲት ቃል እንዳይሰሙ ብላ አስጠንቅቃኛለች፤ በተለይ ባለመነጽሯ።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ያንን ፈረቃ ይተወውና ይተኛ። የልጅ ልጄን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አያትሽ ጆሯቸው ቢከዳቸውም ስምሽ ሲነሳ ይሰማሉ፤ ይመርቁሻል። አክስትሽ፣ ከስታለች አሉ፣ እውነት ነው ወይ ብላ ትጠይቅሻለች። እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ እስክሪብቶዬን ታያለች። ከወንድምሽ ጋር አንድ ክፍል ያደግሽው አንቺ ነሽና፣ የቀለደውን፣ የተሳደበውን፣ በሰው ላይ ያወጣውን ስም ሁሉ ጽፈሽ ላኪላት። እኔ አነብላታለሁ። አደራ፣ ምንም እንዳታሳምሪው በላት እያለች ነው።

አባትሽ
ከቤት፣ ሐምሌ 22 ቀን