መርዶህን ከስልክ አልቀበልም ብዬ

ውድ ወንድሜ ጆቴ፣

ፊደሌ ጎርባጣ ነው፤ አንተ ግን ታውቀዋለህ። ለሌላ ሰው አላስጽፍም።

ማክሰኞ ጠዋት ተከራዬ ሶሲ ስልኳን ይዛ መጣች። «አባባ፣ ጋሽ ጆቴ አረፉ ይላል ፌስቡክ።»

«ፌስቡክ የማን ዘመድ ነው?» አልኳት።

«ኧረ አባባ! ፎቷቸው አለ፤ ሻማ በርቶበታል።»

«ለመርዳሳም በርቶለት ነበር!»

ታስታውሳለህ፣ አምና መርዳሳ ሞተ ብለው ሲለጥፉ ወለንጪቲ ድረስ እያለቀስኩ ሄጄ፣ ሰውዬው በረንዳው ላይ ቆሎ ሲቆረጥም አገኘሁት። «ተክሌ፣ ልትቀብረኝ መጣህ? ትንሽ ቆይ፣ ቆሎዬን ልጨርስ» አለኝ። አንተም ባቱ ሆነህ ሰምተህ እስክታነባ ሳቅህብኝ።

እና እንዴት ልመን? ደውል ትለኝ ይሆናል። በሕይወት ላለ ሰው ቤት ደውዬ «ሞቷል ወይ?» ልበል? ሟርት አይሆንብኝም?

መርዶ ሰው ነው የሚያመጣው። ባለቤቴ ዘርፉ ሆስፒታል ያረፈች ለት አንተ አይደለህ የነገርከኝ? ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎቹን ይዘህ መጣህ። መጀመሪያ ቁርስ አጎረስከኝ፤ ከዚያ ትከሻዬን ይዘህ ነገርከኝ። ስወድቅ ክንድህ ላይ ነበርኩ።

እኔም ሰው ጠበቅኩ። ጋቢዬን ለብሼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ማክሰኞ መሸ፤ ረቡዕም ማንም አልመጣ። ሐሙስ አላስችለኝ ብሎ ባቱ ወረድኩ።

ድንኳኑን ከሩቅ አየሁት። አጥር ይዤ ቆምኩ፤ የሚደግፈኝ አልነበረም።

ባለቤትህ ጋዲሴ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። «ጋሼ፣ ምነው? ይመጣሉ ብለን ሬሳውን እስከ አስር ሰዓት አቆየነው እኮ። ልጆቹ በፌስቡክ አውጥተውት የለም እንዴ?»

መልስ ነበረኝ። ለቅሶ ቤት ክርክር ነውር ነው ብዬ ዋጥኩት። ለአንተ ግን ልንገርህ። ሰው ክፉ ወሬ ይዞ ሲመጣ ገና ሳይናገር ፊቱ ይነግርሃል። ውሸታም ከሆነም ነገ ቤቱ ሄደህ ትይዘዋለህ። ያ ስልክ ግን በመርዳሳ ሲዋሽም፣ ያንተን እውነት ሲናገርም ፊቱ አንድ ነው። እንዴት አድርጌ ልለየው?

ይኼን ሁሉ ብዬም አላረፍኩም፤ አፈር አላለበስኩህማ። ስንቱን በጋራ ቀብረን፣ አንተን ሌላ ሰው ቀበረህ።

ሶሲ «ፎቷቸው ስር ነፍስ ይማር ብዬ ልጻፍልዎት?» አለችኝ። እንቢ አልኳት። መቃብርህ ላይ ያላልኩትን በጣት ነክቼ አልልም።

ለአርባህ እመጣለሁ። ጥሪም መልእክተኛም አልጠብቅም። ከዋዜማው እዚያው ነኝ።

አፈሩ ይቅለልህ፣ ወንድሜ።

ተክለሃይማኖት፣ ከአዳማ